የጉልበት ጅማቱ ከተሠራ አምስት ወር የሆነው ወንድሜ ወደ ሜዳ ይመለስ ወይስ ይቆይ?

የማራኪው ታላቅ ወንድም
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ታናሽ ወንድሜ የ19 ዓመት ልጅ ነው፤ እዚህ ጎንደር በአንድ ቡድን ውስጥ በቀኝ መስመር አጥቂነት ይጫወታል። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ኳስ እየገፋ ሄዶ አቅጣጫ ለመቀየር እግሩን ሲተክል ጉልበቱ ወደ ውስጥ ታጠፈበትና ወደቀ። እኔ ከመስመሩ ዳር ቆሜ ነበር፤ እሱ «ቋ ሲል ሰማሁት» ይላል። ቤት ሳንደርስ የጉልበቱ ሎሚ እስከማይለይ ድረስ አበጠ። የቡድኑ ወጌሻ በዚያው ምሽት በቅባት አሽቶ፣ ሳብ ሳብ አድርጎ፣ «ወለምታ ነው፤ በሁለት ሳምንት ይተወዋል» አለን። እብጠቱ እውነትም ጎደለ፤ ልጁ ግን ደረጃ በወረደ ቁጥር ጉልበቱ ይከዳው ጀመር። ቆይቶ በኤምአርአይ ሲታይ የፊት መስቀለኛ ጅማቱ፣ ኤሲኤል የሚሉት ማለት ነው፣ ሙሉ በሙሉ ተበጥሷል፤ በጉልበቱ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ሜኒስከስም ተቀዷል።

ገንዘቡን ከዘመድ አዝማድና ከእናታችን ዕቁብ አሰባስበን ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከራሱ የኋላ ጭን ጅማት ተወስዶ በተበጠሰው ምትክ ተተከለለት፤ ከሜኒስከሱም የተቀደደው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ፊዚዮቴራፒ የሠራው ስድስት ሳምንት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡም አለቀ፣ ልጁም «ድኛለሁ» አለ።

አሁን ሕመም የለውም፣ ቀጥ ባለ መንገድ ይሮጣል። ቡድኑ ከፋሲካ በኋላ ወሳኝ ጨዋታ ስላለበት አሰልጣኙ «ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ይግባልኝ» ብሏል። ውሉ በሰኔ ያበቃል፤ ልጁ ካልታየ እንደማይታደስለት ያምናል። ቀዶ ሕክምናውን የሠሩለት ሐኪም ደግሞ ከዘጠኝ ወር በፊት ግጥሚያ የሚባል ነገር እንዳያስብ ነግረውት ነበር። እናታችን እኔን «አንተ ታላቁ ነህ፣ አንተ ወስን» ትለኛለች፤ እኔ ግን መምህር እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። የማይታመም ጉልበት ድኗል ማለት ነው? አሁን ቢጫወት የሚያሰጋው የዚያ ቀን ጨዋታ ብቻ ነው ወይስ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው የሚመጣ ነገርም አለ? የምታውቁ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።


ፊዚዮቴራፒስቷ
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በሚገባ ስላብራሩት አመሰግናለሁ። በዚህችው ከተማ በፊዚዮቴራፒ ሙያ ስሠራ የቆየሁ ስለሆንኩ የወንድምዎን የመሰለ ጉልበት በየጊዜው አያለሁ፤ አብዛኞቹም የሚመጡት ልክ እርስዎ በጻፉት ምክንያት፣ «ሕመም የለኝም» ብለው ከተመለሱ በኋላ ነው።

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። ሕመም ማጣት የተተከለውን ጅማት ጥንካሬ አይለካም። ከጭን ተወስዶ በጉልበት ውስጥ የተተከለ ጅማት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት በአብዛኛው ይሞታሉ፤ ከዚያ በኋላ ሰውነት ቀስ በቀስ አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሕዋስ እያስገባ እንደገና ይገነባዋል። በዚህ ምክንያት ጅማቱ ተሰፍቶ ከገባበት ቀን ይልቅ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ላይ ደካማ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ጥንካሬው እየተመለሰ ቢሄድም ግንባታው ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የሚያሳስበው ነገር ይህ ሁሉ የሚከናወነው ልጁ ምንም ሳይሰማው መሆኑ ነው። እብጠቱ የጠፋለት፣ ጉልበቱ የሚታጠፍና የሚዘረጋለት፣ ደረጃውን የሚወጣ ልጅ በአምስተኛው ወር ላይ በውስጡ ገና ያልበሰለ ጅማት እንዳለ የሚያውቅበት ምንም ስሜት የለውም። ቀጥ ብሎ መሮጥም ጅማቱን እምብዛም አይፈትነውም፤ የሚፈትነው ያው የበጠሰው እንቅስቃሴ፣ በሩጫ መሀል እግርን ተክሎ መዞር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት ኤሲኤላቸው የተሠራላቸውን 106 ሰዎች ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። መዞርና መዝለል ወደሚበዛባቸው ስፖርቶች የሚደረገው መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበቱ ዳግም የመጎዳቱ መጠን በ51 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከዘጠነኛው ወር በኋላ ግን መዘግየቱ ብቻውን ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። በዚያው ጥናት የጥንካሬና የዝላይ ፈተናዎችን ሳያልፉ ከተመለሱት 38 በመቶ ያህሉ ጉልበታቸውን እንደገና ሲጎዱ፣ አልፈው ከተመለሱት ግን የተጎዱት ከ6 በመቶ በታች ናቸው። ስለዚህ ሐኪሙ ዘጠኝ ወር ያሉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ያም ሆኖ ዘጠኝ ወር ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያሳለፈ ልጅ ዘጠኝ ወር ስለሞላው ብቻ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም፤ የወንድምዎ ትልቁ ችግር ለእኔ የሚታየኝ ከወሩ ማነስ ይልቅ ፊዚዮቴራፒው በስድስት ሳምንት መቆሙ ነው።

ስለ ወጌሻውም አንድ ነገር ልበል። ወጌሾችን አላቃልልም፤ ብዙ ሰው በእነሱ እጅ ተጠግኗል። ነገር ግን ከተጎዳ በኋላ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደ ፊኛ የሚያብጥ ጉልበት ውስጡ እየደማ ነው፤ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማበት ደግሞ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ኤሲኤል ነው። እንዲህ ያለ ጉልበት አይታሽም፣ አይሳብም። ይጠቀለላል፣ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል፣ በረዶ ይያዝበታል፣ ከዚያም ሐኪም ያየዋል።

ዛሬ ማታ ቤት ውስጥ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጉ። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፤ ከጉልበቱ ሎሚ ላይኛው ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ለክተው በሁለቱም ጭኖች ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም ሜትሩን ሳያጠብቁ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ለክተው ይጻፉልኝ። ቀጥሎ በተለመደው የቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ በአንድ እግሩ ብቻ ይነሣ፣ ቀስ ብሎም ይቀመጥ፤ ሕመም ከተሰማው ወዲያው ያቁም። በጤነኛው ስንት፣ በተሠራው ስንት ጊዜ እንደቻለ፣ ሲነሣም ጉልበቱ ወደየት እንደሚያዘነብል ይዩልኝ። የዝላይ ፈተና ግን በቤት ውስጥ እንዳይሞክሩ፤ እሱ ባለሙያ ባለበት ብቻ የሚደረግ ነው።


የአዘዞው ተከላካይ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁለተኛውን ጥያቄህን፣ አርባ ዓመት ሲሞላው ስለሚመጣው ነገር የጠየቅኸውን፣ እኔ ልመልስልህ። አሁን 43 ዓመቴ ነው። በ1996 ዓ.ም. የ22 ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ቀኝ ጉልበቴ የሄደው። በዚያን ጊዜ ኤሲኤል የሚባለውን ቃል የሰማ ሰው በአጠገቤ አልነበረም። «ጅማቱ ተላልቷል» ተባልኩ፤ ሦስት ወር አርፌ በአራተኛው ተመለስኩ። ከጨዋታ በፊት መርፌ እወጋ ነበር፤ የምወጋው ምን እንደሆነ ጠይቄም አላውቅም፣ የነገረኝም የለም። በእያንዳንዱ ጨዋታ አንድና ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ይንሸራተታል፤ እነሣለሁ፣ አራግፈዋለሁ፣ እቀጥላለሁ። ተመልካቹ «ጀግና ነው» ሲል ደስ ይለኝ ነበር። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ከተጫወትኩ በኋላ አንድ ቀን በልምምድ ላይ ጉልበቴ እንደታጠፈ ተቆለፈ፤ አልዘረጋ አለ። ሜኒስከሱ ተቀድዶ በመሀል ገብቶ ነበር። እሱ ከወጣ በኋላ ታኬታ አላጠለቅሁም።

ዛሬ ያለሁበትን ልንገርህ። ዳገት መውጣት ይሻለኛል፤ የሚገድለኝ ቁልቁለቱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስለዋል። ከጎሃ ኮረብታ ቁልቁል መውረድ ካለብኝ ባጃጅ እይዛለሁ። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ አሥር ደቂቃ ያህል አጠፍ ዘርጋ ሳላደርግ አልቆምም፤ ሲታጠፍ ደረቅ በር ሲከፈት እንደሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው። በጥምቀት ዕለት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ልጆቼ ከፊት ሮጠው ይሄዳሉ፤ እኔ ከአዛውንቶቹ ጋር ከኋላ እቀራለሁ። ባለፈው ክረምት ራጅ ሳነሣ ሐኪሙ ሁለቱን አጥንቶች በጣቱ እያሳየኝ በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ክፍተት በአንዱ ወገን ጨርሶ መጥፋቱን ነገረኝ። «የስንት ዓመት ሰው ነው ይህ?» ብለው ቢጠይቁኝ ስድሳ አምስት እል ነበር አለኝ።

ጉልበቱ በእኔ ዘመን ቢሆን ኖሮ ምንም ባላልኩህ ነበር፤ ምርጫ አልነበረንማ። ወንድምህ ግን ታውቆለታል፣ ተሠርቶለታል፣ ሐኪሙም ቀኑን ነግሮታል። ለሠላሳ ደቂቃ ብሎ ይህን አሳልፎ እንዳይሰጥ እግሩ ላይ ወድቄ ብለምነው ደስ ይለኛል።


የወጣቶች አሰልጣኝ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሉንም በጥሞና አነበብኩ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም አሰልጣኙን እንደ ክፉ ሰው ብቻ ማየት ነገሩን አያስረዳም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ካነሣ ወዲህ በዚህች ከተማ ያለ ልጅ ሁሉ የዐፄዎቹን ማሊያ ለመልበስ ያልማል፤ ከታች ያሉት ቡድኖች የበጀት ነገር ደግሞ ይታወቃል። ተጫዋቹ በሕመም ፈቃድ ላይ ሆኖ ውሉ የሚጠበቅለት ከሆነ ለመታገሥ አቅም ያገኛል፤ ካልተጠበቀለት ግን የ19 ዓመት ልጅን «ታገሥ» ማለት «ሳትበላ ዋል» እንደማለት ነው የሚሰማው። ስለዚህ ለታላቅ ወንድሙ የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ከአሰልጣኙ ጋር መጨቃጨቅን ትቶ፣ የሐኪሙን ማስረጃ በጽሑፍ አስይዞ የቡድኑን ሥራ አስኪያጅ ማነጋገር ነው። ጉዳቱ የደረሰው በቡድኑ ማሊያ ነው። ቢያንስ ለስድስት ወር የውል ማራዘሚያ መጠየቅ ምጽዋት መለመን አይደለም፤ ጥያቄውም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ይሁን።

ሁለተኛው ነገር፣ ልጁን ከቡድኑ ሙሉ በሙሉ አታርቁት። ብቻውን ቤት የተቀመጠ ተጫዋች ነው በመጨረሻ ሳይነግር ሜዳ ገብቶ የሚገኘው። ከቡድኑ ጋር ያሟሙቅ፣ ንክኪና መዞር የሌለበትን ቅብብል ፊዚዮቴራፒስቷ በፈቀደችው መጠን ይሥራ፣ በጨዋታ ቀን ከተጠባባቂዎቹ ጋር ይቀመጥ።

ስለ ጥድፊያ ደግሞ እኛ ዕድሜያችን የገፋ የኳስ ሰዎች የማንረሳው የብራዚላዊው ሮናልዶ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1999 ለኢንተር ሲጫወት የቀኝ ጉልበቱ ጅማት በከፊል ተቀደደ፤ አምስት ወር ሳይሞላው ሚያዝያ 12 ቀን 2000 በኮፓ ኢታሊያ ፍጻሜ በላዚዮ ላይ ተቀይሮ ገባ፤ ሰባት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከተከላካይ ፊት እግሩን ሲያወዛውዝ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። በ2002 የዓለም ዋንጫ ስምንት ግብ አግብቶ መመለሱን ሁሉም ያስታውሳል፤ በመካከል ያለፈውን ረጅም የስቃይ ጊዜና በኋላም በ2008 የሌላኛው ጉልበቱ ጅማት መበጠሱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። በአንጻሩ ሊቨርፑሉ ቫን ዳይክ ጥቅምት 17 ቀን 2020 ከኤቨርተን ጋር ሲጫወቱ ኤሲኤሉ ከተጎዳ በኋላ ቡድኑ በተከላካይ እጥረት እየተሰቃየ እንኳ አልተጣደፈም፤ በ2021 ክረምት የተካሄደውን የአውሮፓ ዋንጫ የሆላንድ አምበል ሆኖ ሳለ «አልደርስም» ብሎ ተወው፤ ወደ ሜዳ የተመለሰው በሐምሌ መጨረሻ በወዳጅነት ጨዋታ ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በከፍተኛ ደረጃ እንደተጫወተ እያየን ነው።

አንድ የግሌን ልጨምር፤ ከጻፍኩ አይቀር እውነቱን ልጻፍ። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ «ደኅና ነኝ» ስላለኝ ብቻ በስድስተኛው ወር አሰልፌው ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያው ጉልበት ሄደ። ሲወድቅ ቀና ብሎ ያየው እኔን ነበር። ልጁ ዛሬ ኳስ አይጫወትም። ከዚያ ወዲህ «ደኅና ነኝ» የሚለውን የተጫዋች ቃል ብቻ ይዤ ማንንም አላሰልፍም።


የማራኪው ታላቅ ወንድም
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ መርፌው ጋ ስደርስ አንገቱን ደፋ። እሱም ከልምምድ በፊት ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይውጥ እንደነበር ያን ጊዜ ነገረኝ። ለካ «ሕመም የለኝም» የሚለው እንዲያ ነው።

ሜትሩን ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ተውሰን ለካን። የጤነኛው ጭን ዙሪያ 51፣ የተሠራው 47.5 ሴንቲ ሜትር ሆነ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ከወንበሩ በግራ እግሩ 17 ጊዜ ተነሣ፤ በተሠራው ቀኝ ግን ስድስት ብቻ፤ እሱም ከሦስተኛው በኋላ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ሰውነቱንም ወደ ግራ እየጣለ ነው የሚነሣው። እናታችን በር ላይ ቆማ ታይ ነበርና ምንም ሳትል ወደ ውስጥ ገባች።

ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። ልጁ ዐቢይ ጾምን ይጾማል፤ በቀን አንድ ጊዜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚበላው። ይህ ጡንቻ እንዳያወጣ ያደርገው ይሆን? ሰሙነ ሕማማትም እየመጣ ነው፤ በስቅለት ዕለት እንደ ሌላው ሰው ሊሰግድ ይፈልጋል። «አትስገድ» ማለት ለእኔ ከባድ ነው።


ፊዚዮቴራፒስቷ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስለ ለካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ትልቅ ልዩነት ነው። የጎደለው በዋናነት የፊት ጭን ጡንቻው ነው፤ ይህ ጡንቻ ሲያርፉም ሲዞሩም ጉልበቱ ላይ የሚመጣውን ጫና የሚቀበለው ስለሆነ፣ እሱ ከሌለ ጫናው ሁሉ በአዲሱ ጅማትና በተረፈው ሜኒስከስ ላይ ይወድቃል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ መግባቱ ደግሞ መጀመሪያ በተበጠሰበት ቀን የሆነው ያው እንቅስቃሴ ነው። እናንተ ሳሎን ውስጥ በዝግታ ያያችሁትን እሱ ሜዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት ሊሠራው ነበር። ወደ ግጥሚያ ለመመለስ የተሠራው እግር ጥንካሬ በመሣሪያ ሲለካ ቢያንስ የጤነኛውን 90 በመቶ እንዲደርስ ነው የምንጠብቀው፤ ያም ሆኖ ጤነኛው ራሱ በእረፍቱ ወራት እንደሚደክም ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳይክሎፌናኩን ያቁም። ከጨዋታና ከልምምድ በፊት የሚዋጥ ማስታገሻ ጉልበቱ የሚሰጠውን ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ይደፍናል፤ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ለጨጓራም ለኩላሊትም አደገኛ ነው፤ የሚጾም ልጅ ደግሞ የሚውጠው በባዶ ሆዱ ነው።

ስለ ዕድሜ ዘመኑ ጉልበት ጋሼ ከነገሩን በላይ መናገር አልችልም፤ ቁጥሩን ብቻ ልጨምር። በስዊድን ኤሲኤላቸው የተበጠሰባቸውን የእግር ኳስ ተጫዋቾች ከዓመታት በኋላ ፈልገው ራጅ ያነሡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ከሴቶቹ መካከል ከ12 ዓመት በኋላ ራጅ ከተነሡት ግማሽ ያህሉ፣ 51 በመቶ፣ በተጎዳው ጉልበታቸው ላይ የመገጣጠሚያ መበላት ታይቶባቸዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 31 ዓመት ብቻ ነበር። ከወንዶቹም ከ14 ዓመት በኋላ 78 በመቶ ያህሉ ላይ የራጅ ለውጥ ታይቷል። እዚህ ላይ ለቤተሰቡ በግልጽ ልናገር የሚገባኝ ነገር አለ፤ ቀዶ ሕክምናው ጉልበቱ እንዳይከዳው ያደርጋል እንጂ መገጣጠሚያው ወደፊት እንዳይበላ ዋስትና አይሰጥም። ሜኒስከስ በሁለቱ አጥንቶች መካከል ክብደቱን የሚያከፋፍል ትራስ ነው፤ ከእሱ የተቆረጠ ክፍል ተመልሶ አይበቅልም። ወንድምዎ ከዚያ ትራስ የተወሰነውን አስቀድሞ አጥቷል። ሁለተኛ ቢበጠስበት የሚያጣው ጅማቱን ብቻ ሳይሆን የቀረችውን ትራስና ከሥሯ ያለውን የአጥንት ልባስ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ በጣም አስጊው ዕድሜ ነው፤ የተለያዩ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ሥራ እንደሚያሳየው ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት መካከል 23 በመቶ ያህሉ ወይ የተሠራውን ወይ ጤነኛውን ጉልበት ኤሲኤል ዳግም ይጎዳሉ።

አሰልጣኙ የጠቀሱት የሮናልዶ ጉዳት ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት እንጂ ኤሲኤል አልነበረም፤ ከወንድምዎ ጋር በቀጥታ አይመሳሰልም። ሕመም ሳይሰማው ገብቶ ያልበሰለ ጅማት መበጠሱ ግን ያው ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ጾም ጡንቻን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የጾም ምግብ ስንል ድንችና ጎመን በእንጀራ ብቻ ማድረጋችን ነው። ጡንቻ ለሚገነባ ስፖርተኛ በአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 64 ኪሎ ቢመዝን ወደ 100 ግራም ማለት ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ የባቄላው ፉል፣ የሽምብራው አሳ፣ የአኩሪ አተር ቆሎው እየተፈራረቁ በብዛት መቅረብ አለባቸው። ሁሉንም በአንድ ማዕድ መብላት አይቻልም፤ ስለዚህ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአሥራ ሁለት ሰዓትና ከመኝታ በፊት ሦስት ጊዜ ይከፋፈልለት። ከባዱን የጡንቻ ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው ማዕድ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ይሥራ እንጂ በባዶ ሆድ ጠዋት አይሞክር።

ስግደቱ ግን ያሳስበኛል። በስቅለት ዕለት አንድ ሰው ስንት መቶ ጊዜ እንደሚሰግድ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእያንዳንዱም ጉልበት እስከ መጨረሻው ይታጠፋል፣ የሰውነት ክብደት ሙሉ በሙሉ ያርፍበታል፣ ብዙ ጊዜም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ነው። ሜኒስከሱ በከፊል ለወጣና ጡንቻው ለደከመ ጉልበት ይህ በማግሥቱ የሚያብጥበት በቂ ምክንያት ነው። «አትስገድ» የሚለውን እርስዎም እኔም ከምንለው የንስሐ አባቱ ቢነግሩት ይሻላል። ሕመሙን አስረድቶ ይጠይቃቸው፤ ለታማሚ ቆሞ እጅ መንሣትን የሚፈቅዱ አባቶች በየደብሩ አሉ። እኔ የማክማቸው ብዙዎቹ እንደዚህ አድርገው ነው ሰሙኑን የሚያሳልፉት።

ፊዚዮቴራፒውን እንዲቀጥል ግድ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሙያውን በዲግሪ ስለሚያስተምር እዚሁ ጎንደር ባለሙያ ይገኛል፤ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። በየቀኑ መምጣት ካልቻለ በሳምንት አንድ ቀን ይምጣና የቀረውን ቤት የሚሠራበትን መንገድ እናሳየዋለን፤ ወንበር፣ ደረጃና አሸዋ የተሞላ ከረጢት ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይበቃሉ።


የአራዳዋ ግብ ጠባቂ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ በሴቶች ቡድን ውስጥ የምጫወት ነኝ፤ ኤሲኤሌ ከተሠራ 14 ወር ሆኖታል። የሴቶች ጉዳት ከወንዶቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ እንደሚበዛ ያወቅሁት ከተጎዳሁ በኋላ ነው። ለልጁ አንድ ነገር ብቻ ልንገረው። በስምንተኛው ወር ጥንካሬዬ ሲለካ አለፍኩ፤ ልቤ ግን አላለፈም ነበር። ኳስ ወደ ቀኝ ስትመጣብኝ እግሬ እሺ ይላል፣ እኔ እፈራለሁ፤ ያን ጊዜ ሰውነቴን በግማሽ እወረውር ነበርና ሁለት ጊዜ በትከሻዬ ወደቅሁ። ፊዚዮቴራፒስቴ «ፍርሃቱም የሚለካ ነገር ነው» ብላ ሁለት ወር ጨመረችብኝ። በዚያ ጊዜ አልቅሼ ነበር፤ ዛሬ ስጫወት ጉልበቴን አላስበውም። አሁን ቡድናችን ከልምምድ በፊት ፊፋ 11+ የሚባለውን የ20 ደቂቃ ማሟሟቂያ ይሠራል። በኖርዌይ ወደ 1,900 በሚጠጉ ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ ጉዳቱን በሲሶ ያህል እንደቀነሰ አሰልጣኛችን አንብቦልናል። መሣሪያ አይጠይቅም፤ ወንድምህም ሲመለስ ይህን ለቡድኑ ይዞ ይሂድ።


የማራኪው ታላቅ ወንድም
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የደረስንበትን ላሳውቃችሁ። ትናንት ከወንድሜ ጋር ሆነን አሰልጣኙን አገኘነው። የለካነውን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ነበር የያዝኩት፤ ወንድሜ ግን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ ተናገረ። አሰልጣኙ ደስ አላለውም፤ «እናንተ ካላችሁ» ብሎ ተወው። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አስገብተናል፤ ስለ ውሉ እስካሁን መልስ የለም፤ ላይመጣም ይችላል። የንስሐ አባታችን ቆሞ እጅ እንዲነሣ ፈቅደውለታል።

ማክሰኞ የመጀመሪያው የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው ነው። እናታችን ከልብስ ሰፊው የተዋስነውን ሜትር መልሳ አዲስ ገዝታለታለች፤ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ሐምሌ 24» ብሎ ጽፎ ከሥሩ 47.5 አስፍሯል። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ማታ እንለካለን።